የጊፋታ ጾም

በጊፋታ ሰሞን የሚጾም ወላይታ አይቼ አላውቅም። ጊፋታ የዘመን መለወጫችን ነው። ዓመቱን ሙሉ ለእሱ ሲባል ይቆጠባል፣ ጎረቤት ተሰባስቦ በሬ ይገዛል፣ መስከረም ሲጋመስ ሰፈሩ ሁሉ ሥጋና ዳጣ ይሸታል። ዳጣ ለማታውቁት፣ እርጥቡ በርበሬ ከነቅመማ ቅመሙ የሚፈጭበት ማባያ ነው፤ ጥሬ ሥጋ ያለ እሱ ሥጋ አይባልም። በዚያ ሳምንት "ጾመኛ ነኝ" የሚል ሰው ወይ ታሟል ወይ ከቤቱ ባለቤት ጋር ተኳርፏል። እኛ ቤት የመጡት ሽማግሌዎች ግን አልታመሙም፣ አላኮረፉንምም። የመጡት የእህቴን የሠርግ ቀን ሊቆርጡ ነበር። ሥጋው ፊታቸው ሲቀርብ አንድ ላይ "ጾም ጸሎት ላይ ነን" አሉ።

የዚያን ቀን ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም። የነገሩ መነሻ ደግሞ እኔው ነኝ፤ ካናዳ ድረስ ሄጄ የተማርኩት ብየዳ ነው። ከመጀመሪያው ልናገር።

ተወልጄ ያደግሁት ሶዶ ነው። አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነው። እኔ በማኔጅመንት ተመርቄ ቤት ተቀመጥኩ። መቀመጥ ስል መቀመጥ ነው፤ ጠዋት ወጥቼ የማስታወቂያ ሰሌዳ አነባለሁ፣ ከሰዓት ተመልሼ ጓሮ እንሰቱ ሥር እናቴን አስቸግራለሁ። በመጨረሻ ውጭ አገር ትምህርት ቤት የሚያፈላልግ አንድ ደላላ፣ እሱ እንኳ ራሱን "አማካሪ" ነው የሚለው፣ "ማኔጅመንትህን እርሳው። ካናዳ የቸገራት በያጅ ነው፤ ብየዳ አመልክት" አለኝ። አመለከትኩ። ተቀበሉኝ።

የመጣልኝን መልስ ይዤ እየጮህኩ ቤት ገባሁ። እናቴ እልል አለች፣ እህቴ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አባቴ ሻይ እየጠጣ ነበር።

"ምንድን ነው የምትማረው?" አለኝ።

"ብየዳ።"

ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ሌላ የለም?"

"ሌላው በቀላሉ አይገኝም አባዬ።"

"ከዚህ ሁሉ የዓለም ትምህርት፣ ብረት?" ብሎ ተነሥቶ ወጣ።

እኔ መቼም የገባኝ መስሎኝ ነበር። ባለዲግሪ ልጁ የጉልበት ሥራ ሊማር ነው፣ በሰው ፊት ቀለለበት፣ አልኩ። ከመሄዴ በፊት ባለው እሑድ ምእመናኑ ሊጸልዩልኝ ወደ መድረክ ጠሩኝ። ማይኩን የያዘው አባቴ ነው። "ልጃችን ለኢንጂነሪንግ ትምህርት ወደ ካናዳ ስለሚሄድ..." አለ። "አሜን!" ተባለ። ዘወር ብዬ ባየው እሱ አያየኝም። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው "ኢንጂነራችንን ባርክ" ሲሉ እኔ በልቤ "ጌታ ሆይ፣ በረከቱን ወደማን ልትልከው ነው? እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም" እል ነበር። ከመድረክ ስወርድ እናቴ ክንዴን ቆንጥጣ "ዝም በል" አለችኝ።

ስለ ካናዳ ብርድ አላወራላችሁም፤ የሄደ ሁሉ አውርቶታል። ወርክሾፑን ግን ልንገራችሁ። ለእያንዳንዳችን በመጋረጃ የተከለለች ጠባብ ክፍል አለችን፤ ጭንብል ደፍተን፣ የቆዳ ጓንትና ሽርጥ አድርገን ቀኑን ሙሉ ሁለት ብረት አንድ እናደርጋለን። አብዛኞቻችን ከውጭ የመጣን ነን። መምህራችን ጢሙ የነጣ ሰውዬ ነው፤ ስሜን ለመጥራት ታግሎ ታግሎ ሲያቅተው "ወዳጄ" ብሎ ተገላገለ። የበየድነውን ቆርጦ በማሽን ያጎብጠዋል። ላዩ የቱንም ያህል ቢያምር ውስጡ አየር ከቀረበት ሰው ሁሉ ፊት ይሰነጠቃል። የእኔው ተሰነጠቀ። ደግሞ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ሲሰማ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ ያየኛል፤ እኔም ጭንብሉን ደፍቼ እደበቃለሁ። ለካስ ያኔ ሐፍረት ያልኩት የልጅ ጨዋታ ኖሯል።

አንድ ቀን ብረቱ ጎበጠ፣ ጎበጠ፣ አልተሰነጠቀም። ሰውዬው አገላብጦ አየና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እንደ ሕፃን ጮህኩ። አጠገቤ የሚሠራው ፊሊፒናዊ ጓደኛዬ "ና ፎቶ ላንሳህ" ብሎ ሥራ ላይ እንዳለሁ አነሳኝ፤ ጭንብል ደፍቼ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ብልጭታው በዙሪያዬ እየተረጨ። ያምር ነበር፤ ምን ልዋሽ። ወዲያው ወደ ቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላክሁት።

"ታ ኢሻ! አንበሳ!" አለች እህቴ። ታ ኢሻ ወንድሜ ማለት ነው። እናቴ ልብ ላከች፤ ማን እንዳሳያት እንጃ። አባቴ "ጌታ ይጠብቅህ" ብሎ ጻፈ፤ ሌላ ቃል የለም። ኩራቴን አሳነሰብኝ፣ እኔም አኮረፍኩት።

እህቴ በዚያን ጊዜ ታጭታ ነበር። እጮኛዋ ወገኖቹ ከቦምቤ የሆኑ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። ሽማግሌ ልከው፣ አባቴም "እሺ" ብሎ፣ የቀረው ቀን መቁረጥ ብቻ ነው። ታዲያ እህቴ አንድ ቀን የእጮኛዋ አክስት ቤት ሄዳ፣ ስልኳን አውጥታ፣ "ወንድሜን እዩልኝ" አለች። አክስትየዋ አየች፣ አየች፣ "ኢንጂነር ነው አልተባለም እንዴ?" አለች።

"ኸረ ብየዳ ነው!" አለች እህቴ እየሳቀች። ምን ታውቃለች?

"አባታችሁ አገሩ ወዴት ነው?"

"በቤሌ በኩል።"

በቃ፣ ይኸው ነው የተባለው። አክስትየዋ ቤሌ ሰው አላት፤ ቤሌ ሰው የሌለው ማን አለ? ጠየቀች፤ ተነገራት። ብዙም ሳይቆይ ወሬው ከቦምቤ ዞሮ ሶዶ ገባ፤ "ዘር ከልጓም ይስባል" እየተባለ።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። የሚቀጥለው ኮርሴ የሚጀምረው በጥር ስለሆነ፣ ጊፋታንም የእህቴንም ደስታ አንድ ላይ ልካፈል ብዬ መጣሁ። እናቴ በር ላይ ስማኝ ሳትጨርስ ክንዴን አየች። ከብልጭታው የተረፉ ጥቋቁር ነጠብጣቦች አሉ፤ በያጅ ሁሉ አለው። ጓዳ ገብታ የአባቴን እጅጌ ረጅም ሸሚዝ አመጣችልኝ። "በዚህ ሙቀት?" ብላት "ልበሰው" አለችና ፊቷን አዞረች።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር አባቴ ጓሮ ጠራኝ። እንሰቶቹ መሀል ቆመን፣ ቅጠል ይዞ በጥፍሩ እየሰነጠቀ፣ "አያትህ ቀጥቃጭ ነበር" አለኝ። ይህን በአማርኛ ነው ያለኝ። እኔና አባቴ ቤት ውስጥ በወላይትኛ ነው የምናወራው፤ በወላይትኛ ያለውን ስም ግን አፉ እምቢ አለው። እኔም እዚህ አልጽፈውም። ስድብ ሆኖ የኖረ ስም ነው።

አያቴን አላየሁትም፤ አባቴ ልጅ እያለ ነው የሞተው። ለአገሩ ማረሻውን፣ መጥረቢያውን፣ ቢላዋውን የሚሠራው እሱ ነበር። ለቅሶ ሲሄድ ግን ለብቻው ይቀመጣል። የሚጠጣበት ቅል ለብቻው ነው። ልጁን ከራሱ ወገን በቀር የሚያገባለት የለም፤ እናቴም ከዚያው ወገን ናት፣ ይህንንም ያን ቀን ነው የሰማሁት። አባቴ ትምህርት ቤት ገባ፣ ጌታን ተቀበለ፣ ሶዶ መጥቶ መምህር ሆነ። "ከየት ነህ?" ሲሉት "ከቤሌ" ይላል፤ እውነቱን ነው። "የማን ልጅ?" ሲሉት "የጌታ" ብሎ ይስቃል፤ ሰውም አብሮት ይስቃል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁላችን አንድ ነን፣ በአንድ ማዕድ እንበላለን። ጋብቻ ሲመጣ ግን አንድነቱ ትንሽ ይዘገያል።

"እናንተ ከብረት እንድትርቁ ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ ጠመኔ ያዝኩ" አለኝ። "አንተ ባሕር ተሻግረህ ብረት ይዘህ መጣህ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርህ አንገትህን ደፍተህ ታድግ ነበር።"

እናቴ ከኋላችን ቆማ ኖሯል። "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" ብላ ተነፈሰች።

አሁን "በአያቴ ኮራሁ፣ በአገሬው ተናደድኩ" ብዬ ብጽፍ እንዴት ደስ ባለኝ! አልነበረም። መጀመሪያ የመጣው ሐፍረት ነው። እጄን አየሁት፤ ያንን ካናዳ ውስጥ አንበሳ ያስባለኝን እጅ። የሰው እጅ መሰለኝ፣ ከላዬ ላወልቀው ፈለግሁ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ስለ ሰው ልጅ እኩልነት ክርክር ላይ ተነሥቼ ያስጨበጨብኩ ሰው ነኝ እኮ! የራሴ ቤት ሲሆን ሸሚዙን እስከ አንጓዬ ቆለፍኩት።

በማግስቱ መጡ። መሪያቸው የእጮኛዋ አጎት ነው። ከአባቴ ጋር ለረጅም ጊዜ አንድ ትምህርት ቤት አስተምሯል፤ ባለፈው ጊፋታ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ "ዳጣችሁ ገደለኝ" እያለ እያላበው ሲበላ እንደነበር እህቴ ነግራኛለች። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

"ዮዮ ጊፋታ!" ተባባልን። ተሳሳምን። እናቴ ሥጋውን፣ ዳጣውን፣ ቆጮውን አቀረበች። አባቴ ጸለየ። "አሜን" አሉ፣ ጮክ ብለው። ከዚያ እጅ የሚዘረጋ ጠፋ።

"እባካችሁ፣ አይቀዝቅዝ" አለች እናቴ። ጥሬ ሥጋ ምኑ ይቀዘቅዛል? ጨንቋት ነው።

አጎትየው ጉሮሮውን ጠራረገ። "መምህር፣ ይቅርታ አድርግልን። ጾም ጸሎት ላይ ነን።"

"በጊፋታ?!" አመለጣት እናቴን።

"ስለ ልጆቹ ነው የያዝነው። ጌታ ፈቃዱን እንዲገልጥልን።"

"ውሃስ?"

"ውሃም አንወስድም።"

ከመካከላቸው አንዱ ሲገባ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ነበር። ስንጥሩን ኪሱ ሲከት አየሁት፤ እሱም ማየቴን አየ። ሁለታችንም መሬት መሬቱን አየን። ሳቅ መጣብኝ፤ ወዲያው ደግሞ እንባ። ሥጋው መሀላችን ተቀምጧል፤ አንድ ዝንብ ብቻ ሳትጾም ዞረችው። ቢላዋው ከጎኑ አለ። የሁሉም ቤት ቢላዋ የሆነ ቀጥቃጭ እጅ የሠራው ነው፤ ጊፋታን ያለ እሱ የሚያከብር የለም። ቢላዋው ንጹሕ ነው፤ የሚረክሰው የሠራው ሰው ነው። ይህን ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ከገቡ ጀምሮ እጅጌዬን ወደ ታች ስጎትት ነበር።

አጎትየው ወደ እኔ ዞረ። ድምፁ ለስላሳ ነው። "ልጄ፣ አንተ እዚያ የምታጠናው ኢንጂነሪንግ ነው፣ አይደል?" አለኝ።

በር ከፈተልኝ፤ ገብቶኛል። "አዎ" ብል ወሬው ወሬ ሆኖ ይቀራል፤ እነሱም ዘመዶቻቸውን ዝም የሚያሰኙበት ነገር ያገኛሉ፤ የእህቴ ቀን ይቆረጣል። አንዲት ቃል ናት። አባቴን አየሁት። "አዎ" ማለትም "አይ" ማለትም አቃተኝ።

"ብየዳ ነው የሚማረው" አለ አባቴ። "አባቴም ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ጎበዝ ነበር ይባላል።" ቀጥሎ ያንን ስም፣ በወላይትኛ ያለውን፣ አንድ ጊዜ ጥርት አድርጎ ጠራው። በቤታችን ውስጥ ሲነገር ሰምቼው አላውቅም። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

አባቴ ዓይናቸውን እያየ ነው ያለው። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት የተመኘሁት አንድ ነገር ነው፤ ዝም እንዲል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ። ለእኔ ብሎ የተሸከመውን ለእኔ ብሎ ሲያወርደው፣ እኔ የታየኝ የሰዎቹ ፊት ብቻ ነበር።

"እንጸልይበታለን" አለ አጎትየው። ተነሡ። ሁላችንንም ጨበጡን፣ ባረኩን፣ ሄዱ።

አባቴ እስከ በር እንኳ አልሸኛቸውም፤ በጓዳ በኩል ወደ ጓሮ ወጣ። እናቴ ሥጋውን ልትከድን ስትል እህቴ ከውስጥ መጣች። ሁሉንም ሰምታለች። አጎትየው የተነሣበት ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ቢላዋውን አነሳች፣ ቆረጠች፣ ዳጣው ውስጥ ነክራ ጎረሰች። ዓይኗ እያነባ፣ "በርበሬው ነው" አለች ማንም ሳይጠይቃት። ከዚያ "ና ብላ" አለችኝ። ጎረስኩ። እጄን ሳበችና ቁልፉን ፈትታ እጅጌዬን ወደ ላይ ሰበሰበችው። "ይሞቅሃል፤ ምን ትሸፋፈናለህ?"

እጮኛዋ አንድ መልእክት ላከላት፤ "ጸልዪልን" ይላል። ሌላ አልላከም። ቀኑ ሳይቆረጥ ቀረ። እህቴ በማግስቱ እንደ ወትሮዋ ባንክ ሥራዋ ሄደች፤ መስኮቷ ላይ ቆሞ እያየ ለሚያንሾካሹክ ሰው ገንዘቡን ቆጥራ ሰጠች። እኔ ግን ቀሪውን ጊዜዬን ከቤት ሳልወጣ ጨረስኩ። ቤተ ክርስቲያንም አልሄድኩ፤ "ኢንጂነር" ብሎ የሚጠራኝን ሰው ፈርቼ።

ስመለስ አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት ስልኬን አወጣሁና ያቺን ፎቶ ከግሩፑ ላይ አጠፋኋት፤ ከሁሉም ስልክ እንድትጠፋ አድርጌ። ከራሴም ስልክ ሰረዝኳት። እህቴን ያዳንኩ መሰለኝ መሰል። ራሴን ነበር የደበቅሁት።

ጥር ላይ ትምህርት ተጀመረ። ብረቴን እበይዳለሁ፣ አይሰነጠቅም፣ ሰውዬው "ጎበዝ ወዳጄ" ይለኛል፤ እኔ ደስ አይለኝም። አንድ ጠዋት በእረፍት ሰዓት የእህቴ መልእክት ገባ።

"ታ ኢሻ፣ ፎቶህን የት አደረስከው?"

"አጠፋሁት።"

"ለምን?"

"ለአንቺ ብዬ።"

"ለእኔ ብለህ እንዳትል። የጋብቻው ነገር በፎቶ የሚቀር ከሆነ ይቅር" ብላ ጻፈች። "አባዬ ፎቶው የት ሄደ እያለ ነው። ስልኩ ውስጥ ፈልጎ አጣው። ሌላ ተነሳና ላክ። ጭንብሉን አውልቀህ፣ ፊትህ ይታይ።"

አባቴ እየፈለገው! ፊሊፒናዊውን ጓደኛዬን ጠራሁት። ጭንብሌን አወለቅሁ፣ እጅጌዬን ሰበሰብኩ፣ የበየድኩትን ብረት ያዝኩ፤ አነሳኝ። ላክሁት። በግሩፑ ላይ ነው የላክሁት፤ አባቴም እንዲያየው።

ልብ ይመጣል፣ "አንበሳ" ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አንድ መስመር ብቻ መጣ፣ ከእህቴ።

"አንገትህን ደፍተሃል። ድገመው።"